ሰማያዊው መብራትና ያልተለካው እርሾ

መሳለሚያ ሲመሽ የእህል መኪናው ጋብ ይልና የጸጉር ማሽን ድምፅ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ የጤፍና የስንዴ ኩንታል ሲሸከም የዋለ ሰው፣ ላቡ ጀርባው ላይ ሳይደርቅ፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ጸጉር ቆራጩ ጨርቁን አራግፎ አንገቱ ላይ ሊያስርለት ሸሚዙን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርግ እጁ ለአፍታ ይቆማል። ከአንገት ተነሥቶ ወደ ትከሻ የሚወርድ፣ አንዳንዱ ነጣ፣ አንዳንዱ ጠቆር ያለ፣ ዳር ለዳር የተገጣጠመ ነጠብጣብ ያያል።

«ጋሼ፣ ይቺ ቋቁቻ አሁንም አልለቀቀችዎትም?»

«ምን ትለቃለች ልጄ! ቅባቱን ስቀባ ትጠፋለች፤ ሙቀት ሲመጣ ተመልሳ ቁጭ።»

ጸጉር ቆራጩ ሌላ አይጠይቅም። መስታወቱ ሥር ካለችው፣ ሰማያዊ ብርሃን ከሞላባት ትንሽ ሣጥን ማሽኑን አውጥቶ ሥራውን ይጀምራል። እንዲህ ያለው ምሽት በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መንደሮች የተለመደ ነው። በዚያች ወንበር ዙሪያ ግን ሁለት ነገሮች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በሰውዬው ቆዳ ላይ ያለ እርሾ እና በሣጥኗ ውስጥ ያለ ብርሃን። ብርሃን እርሾን ይገድላል? የሚገድለውስ በምን አቅሙ ነው? ጥያቄው የሩቅ አገር ሳይንስ ይመስላል። መልሱ ግን መሳለሚያ ላይ፣ ከመሳለሚያ ሰው ትከሻ ተወስዶ መለካት ያለበት ነው።

እርሾ ሲባል በዚህ ሰፈር ቶሎ የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው። ከእህል በረንዳ የተገዛው ጤፍ ቡኮ አረፋ የሚያወጣው፣ ብቅሉ ጠላ የሚሆነው በእርሾ ነው። የእርሾ ዘር ግን ሰፊ ነው። በጤፍ ሊጥ ውስጥ ከተገኙት እርሾዎች መካከል «ካንዲዳ» በሚለው የወገን ስም የሚጠሩ አሉ፤ በዚያው የወገን ስም የሚጠራው ካንዲዳ አልቢካንስ ደግሞ የሕፃናትን አፍ በነጭ ሽፋን የሚሞላ፣ ሴቶችን በማሳከክ የሚያሠቃይ፣ አቅሙ የተዳከመ በሽተኛ ደም ውስጥ ከገባ ሕይወት የሚነጥቅ ነው። ኤችአይቪ በበረታባቸው ዓመታት በሽተኛ ያስታመመ የአዲስ አበባ ሰው ያንን ነጭ ሽፋን አይረሳውም። የቋቁቻው እርሾ ማላሴዚያ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ እርሾው ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከማላሴ ነው። በሁላችንም ቆዳ ላይ በሰላም ይኖራል፤ ቅባት ይወዳል፤ ሙቀትና ላብ ሲበዛበት መልኩን ለውጦ እንደ ክር ይዘረጋል፣ የቆዳውንም ቀለም ያበላሻል። ፎረፎር ላይም እጁ አለበት።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንሂድ።

የሚተነፍስ ሕዋስ ሁሉ፣ የሰውም ሆነ የእርሾ፣ ሄም የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። ደማችንን ቀይ ያደረገው ይኸው ሄም ነው። ሕዋሱ ሄምን የሚሠራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው፤ ቀለበቱ ቀስ በቀስ ይታነጽና መጨረሻ ላይ ብረት መሐሉ ሲገባ ሥራው ያልቃል። ብረቱ ያልገባበት ቀለበት ፖርፊሪን ይባላል፤ ልዩ ጠባዩም ብርሃን መጠጣት ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚጠጣው 400 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ከጠጣው ጉልበት ከፊሉን ቀይ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል፤ ሌላውን አጠገቡ ላለ ኦክስጂን ያቀብላል። ያን ጉልበት የተቀበለ ኦክስጂን ደግሞ ረጋ ብሎ አይቀመጥም፤ በዙሪያው ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ይለበልባል። እርሾው የሚሞተው እንግዲህ ራሱ በሠራው ነገር ነው። ከውጭ የገባ መድኃኒት የለም፤ የገባው ብርሃን ብቻ ነው።

የጸጉር ቤቷ ሣጥን በዚህ መንገድ አትሠራም። በእንደዚያ ዓይነት ሣጥን ውስጥ መኖር ያለበት ጀርም ገዳይ መብራት 254 ናኖሜትር ላይ የሚያበራ ነው፤ ያ ጨረር ለዓይን አይታይም፤ የሚገድለውም የጀርሙን ዘረመል በቀጥታ በመጉዳት ነው። የምናየው ሰማያዊ ቀለም አብሮ የሚወጣ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሣጥኗ ሰማያዊ ሆና መታየቷ ማሽኑ ጸድቷል ማለት አይደለም። ጨረሩ ያረፈበትን ገጽ እንጂ ጥላ ያለበትን፣ ጸጉርና ዘይት የተጋገረበትን የምላጭ ጥርስ አይደርስበትም። ማሽኑን በብሩሽ ጠርጎ በአልኮል መወልወል ሣጥኗ የማትተካው ሥራ ነው፤ ብዙ ጸጉር ቆራጮችም ይህን ያደርጋሉ፣ ሊመሰገኑ ይገባል።

ብርሃን በሽታ ሊያድን እንደሚችል መታወቅ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1900 ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ አክሪዲን የሚባል ቀለም በጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ላይ ሲሞክር፣ ነፍሳቱ አንድ ቀን ቶሎ ሲሞቱ ሌላ ቀን ቆይተው ሲሞቱ አስተዋለ። ልዩነቱን ያመጣው የቀለሙ መጠን ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ የነበረው ብርሃን ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘመን ኮፐንሃገን ላይ ኒልስ ፊንሰን ፊትን የሚበላ የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በመብራት ያክም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1903ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

የፊንሰን ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፊንሰን በሽተኞቹን የሚያድነው ከቫዮሌት ባሻገር ያለው የማይታይ ጨረር ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዓለምም አብሮት አመነ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች አሮጌዎቹን መብራቶችና ሌንሶች አውጥተው ለኩ። የመስታወቱ ሌንስና ማጣሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረው ሰማያዊ ፈሳሽ ከ340 ናኖሜትር በታች ያለውን ጨረር አያሳልፉም ነበር። ፊንሰን ያመነበት ጨረር ለካ አብዛኛው በሽተኛው ዘንድ አልደረሰም። የደረሰው ወደ ሰማያዊ የሚጠጋው ብርሃን ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ ደግሞ ፖርፊሪን ይሠራል። ሕክምናው እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን የተሳሳተ ነበር። መቶ ዓመት ሙሉ ስሕተቱ የቆየው ለክቶ ያየ ሰው ስላልነበረ ነው።

ዛሬ ወደዚህ ሐሳብ የሚመለሱ ሰዎች በዝተዋል፤ የበዙበትም ምክንያት አስጊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አስጊ ፈንገሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲያወጣ 19 ስሞችን አሰፈረ፤ እጅግ አሳሳቢ ተብለው ከተለዩት አራቱ ሁለቱ የካንዲዳ ወገኖች ናቸው። አንደኛው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት አረጋዊት ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ካንዲዳ ኦሪስ ነው። ይህ እርሾ በሆስፒታል አልጋና ዕቃ ላይ ተጣብቆ ይሰነብታል፣ ፍሉኮናዞል ብዙውን ጊዜ አይበግረውም። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ተገኝቷል። የፈንገስ መድኃኒት ዓይነቱ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ፈንገስ በሕዋስ አሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ስለሚቀርብ፣ እሱን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሰውንም ይጎዳል።

በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ፣ በቃጠሎ ቁስል ላይ በተራባ ካንዲዳ አልቢካንስ 415 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን አብርተው፣ በአይጦች ላይ እርሾው እንደተመናመነ አሳይተዋል። ያንን ለማስረዳት የሄዱበት መንገድ ግን ከውጤቱ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል፤ እርሾው ውስጥ ፖርፊሪን መኖሩን ፈልገው፣ አግኝተው አሳይተዋል። የፊንሰንን ስሕተት አልደገሙትም።

ይህ ልኬት እንዴት ይሠራል? እርሾው በሳህን ላይ ይበቅላል፣ ይታጠባል፣ ይቆጠራል። በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ከቱቦው ሥር እንደ ነጭ ቅባት ይረጋል። ከዚያ ግድግዳውን የሚሰብር አሲድ ይጨመርበታል፣ በሆዱ የያዘውም ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በደብዛዛ ብርሃን ነው የሚከናወነው፤ ቱቦዎቹም በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላሉ፣ ምክንያቱም የሚለካው ሰው ቸልተኛ ከሆነ ፖርፊሪኑን የክፍሉ መብራት ራሱ ያጠፋዋል። በመጨረሻ ቱቦው ሐምራዊ ብርሃን ፊት ሲቀርብ፣ ውሃ የመሰለው ፈሳሽ ከውስጡ ቀይ ሆኖ ይበራል። ያንን ቅላት ማሽኑ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ መጠኑ ከሚታወቅ ፖርፊሪን ጋር ተነጻጽሮ በአንድ ሚሊግራም የእርሾ ፕሮቲን ስንት እንደሆነ ይሰላል። ከዚህ በላይ ማወቅ የፈለገ፣ ፖርፊሪኖቹን አንድ በአንድ የሚለይ ሌላ መሣሪያ ይጠቀማል።

ለምን ይህን ያህል ድካም? ምክንያቱም ቁጥሩ አንድ አይደለም። የአንዱ ዝርያ ከሌላው ይለያል፤ ያው ዝርያ ራሱ ብረት ባነሰበት ምግብ ላይ ሲያድግ ቀለበቱ ብረት አጥቶ ሊከማች ይችላል፤ ወጣቱ እርሾ ካረጀው ይለያል። የማላሴዚያ ነገር ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። ይህ እርሾ ትሪፕቶፋን ከሚባል የፕሮቲን ጡብ ተነሥቶ ብዙ ቀለማት ይሠራል። ከእነዚህ አንዱ በሐምራዊ መብራት ፊት የሚያበራ ነው፤ ሐኪም ክፍሉን አጨልሞ ሲያበራበት ቋቁቻ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፒቲሪያሲትሪን የሚባለው ግን ጨረር የሚመክት ነው፣ ለእርሾው እንደ ጃንጥላ ያገለግለዋል። አንዱ ሕዋስ ብርሃን የሚስብም ብርሃን የሚከልልም ነገር ይዟል ማለት ነው። የትኛው እንደሚያመዝን በሐሳብ አይታወቅም።

እዚህ ላይ «በቦስተንም በኮፐንሃገንም ተለክቷል፤ እኛ ምን አደከመን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ ከአገራችን የተሻለ መልስ የሚሰጥ የለም፤ መልሱም የሕፃናቱ ቆረቆር ነው።

ሐኪም በእጁ የሚይዘው ሐምራዊ መብራት የዉድ መብራት ይባላል። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ሐሰተኛ ብር ከሚለይበት መብራት ጋር በአሠራር አንድ ናቸው። ፈረንሳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1925 ሕፃናት ራስ ላይ አብርተውት፣ በፈንገስ የተያዘው ጸጉር አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ አዩ። መጻሕፍቱም «አረንጓዴ ካበራ ቆረቆር ነው» እያሉ ትውልድ አስተማሩ። አረንጓዴ የሚያበራው ግን ማይክሮስፖረም የሚባለው ፈንገስ ነው። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጎልቶ የተገኘው ሌላ ነው፤ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ይባላል፣ በዉድ መብራት ፊት አረንጓዴ አያበራም። መጽሐፉን ብቻ ያመነ ባለሙያ የመሳለሚያን ሕፃን ጨለማ ክፍል አስገብቶ ቢያበራበት፣ ራሱ ተላልጦ ጸጉሩ በየቦታው የተነቀለውን ልጅ «ምንም የለበትም» ብሎ ሊመልሰው ነው። ልጁ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገው ነበር፤ ፈንገሱ የጸጉሩ ሥር ውስጥ ስላለ በቅባት አይደረስበትም። መብራቱ ደህና መብራት ነው፤ መጽሐፉም አልዋሸም። የተለካው የሌላ አገር ፈንገስ ነው።

የቆዳችንም ነገር እንዲሁ ነው። 415 ናኖሜትር ብርሃን ጠየም ያለ ቆዳን ሊያጠቁር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት አሳይቷል፤ ጥቁረቱም ለሳምንታት የሚቆይ ነበር። ለነጭ ቆዳ «ጉዳት የለውም» የተባለ የብርሃን መጠን ለእኛ ቆዳ ያው ነው ብሎ መቀበል አይቻልም። ቋቁቻ ሰውን የሚያሳቅቀው መልክን በማዥጎርጎሩ ነው። አንዱን ነጠብጣብ ለማጥፋት ሌላ ነጠብጣብ መትከል ሕክምና ሊባል አይችልም።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበው ከመሳለሚያ ሱቆች አንጻር ሲታይ ነው። ቋቁቻም ይሁን ጭርት፣ ብዙ ሰው ከሐኪም በፊት የሚያገኘው ቅባት ነው። ቅባቱ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ካለበት ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ተከላካዩ ተኝቶለት ይስፋፋል፣ መልኩም ስለሚቀየር ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ለመለየት ያስቸግራል። ነገ ደግሞ በቅባቱ ቦታ የእጅ ሰማያዊ መብራት ይመጣል። የብጉር ማጥፊያ እየተባለ በውጭ አገር በየሱቁ ይሸጣል፤ የብጉሩ ባክቴሪያ ፖርፊሪን በብዛት ስለሚሠራ ለዚያ መሠረት አለው። «ለቋቁቻም ይሆናል» የሚል ነጋዴ ሲመጣ፣ ይሁን አይሁን የሚመልስ ቁጥር በእጃችን ሊኖር ይገባል።

ቁጥሩን ማግኘት ከአቅም በላይ አይደለም። በከተማይቱ ደቡብ ምዕራብ አለርት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመ፣ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል ነው። በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። ጉለሌ ላይ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ጥቁር አንበሳ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አሉ። በሽተኛው፣ ሐኪሙና ኬሚስቱ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ የሚጎድለው በአንድ ሥራ ላይ የሚያገናኛቸው ነው። መጀመሪያ የአገሪቱ እርሾዎች የሚቀመጡበት ማኅደር ያስፈልጋል፤ ከየሆስፒታሉ የተገኘው ካንዲዳ ምርመራው ካለቀ በኋላ ከሚጣል በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ቀጥሎ እያንዳንዱ በአንድ ዓይነት ምግብ ላይ አድጎ ፖርፊሪኑ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ በብርሃን ይፈተን። ቁጥሩና ሞቱ አብረው የሚሄዱ ከሆነ፣ ለአፍ፣ ለቁስልና ለሆስፒታል ዕቃ የሚሆን ርካሽ መሣሪያ መንገዱ ተከፈተ። አብረው ካልሄዱም በገንዘብ የማይተመን ነገር ታወቀ፤ ሻጩን የምንመልስበት ቃል ተገኘ። ሰማያዊ ብርሃን ከቆዳ ሥር ብዙ ስለማይዘልቅ ደም ውስጥ ለገባ ካንዲዳ ተስፋ አይሆንም፤ ይህም ከጅምሩ በግልጽ መነገር አለበት።

ቋቁቻ አይገድልም፣ ለምን ገንዘብ ይወጣበታል የሚል ክርክር ሚዛን አለው። ነገር ግን ካንዲዳን የሚለካው ጠረጴዛ ማላሴዚያንም ይለካል። ለመለማመድ ደግሞ ከቋቁቻ የሚሻል የለም፤ ናሙናው ሞልቷል፣ ሲወሰድም አያምም፣ ባለቤቱም ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይሻል። ማላሴዚያ ያለ ቅባት ስለማይበቅል፣ በተለመደው የፈንገስ ምግብ ላይ ዘርቶ የጠበቀ ሰው ባዶ ሳህን ይዞ ይቀራል። ሳህኑ ላይ የወይራ ዘይት ያስፈልጋል።

ሥራው በእህል በረንዳ ሊጀመር ይችላል። አንድ የሕክምና ተማሪ ከተሸካሚዎቹ መካከል ፈቃደኛ የሆነውን አስፈቅዶ፣ ቁራጭ ግልጽ ፕላስተር ትከሻው ላይ ጫን አድርጎ ይለጥፋል፣ ቀስ ብሎም ይልጠዋል። ግማሹን በመስታወት ላይ አድርጎ ሜቲሊን ብሉ ጠብ ያደርግበታል፤ ፊንሰን ለማጣሪያ ይጠቀምበት የነበረው ያው ሰማያዊ ቀለም ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አጫጭር ክሮችና ክብ ክብ ፍሬዎች ተደባልቀው ይታያሉ፤ ሐኪሞች ፓስታ በሥጋ ድብልብል ይሉታል። ተሸካሚው ዓይኑን አስጠግቶ ይመልከተው፣ ለዓመታት አብሮት የኖረው ይኸው ነውና። የቀረው ግማሽ ፕላስተር ዘይት ወዳለበት ሳህን ይሄዳል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከትከሻ መወሰዱ በሳህኑ ጀርባ ላይ ይጻፍበታል።